እሳት የሚጠብቅ ሰው ምን ያውቃል?

«ማወቅ» ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው አርጅቷል፤ ጢሙን ያጎፈረ ፈላስፋ ሁሉ ሞክሮታል። እኛም በዚህች ቀለም በተጨማለቀች መጽሔታችን ላይ እንደገና ስናነሣው «ደግሞ ጀመራቸው» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዳሩ ግን ዛሬ የምናነሣው ከቤተ መጻሕፍት ተነሥተን ሳይሆን ከአንድ የብረት በርሜል አጠገብ ቆመን ነው፤ በጎኑ እሳት የሚነድበት፣ በሆዱ ሥጋ የሚበስልበት፣ በሌላው ጫፉ ጭስ የሚተፋ በርሜል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ የከብት ፍርምባ በእንጨት ጭስና በዝግተኛ ሙቀት ማብሰል ትልቅ ሙያ ነው። አንዱ ፍርምባ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል፤ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ውስጥ 12 ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ብዙ ሰው በጓሮው የሚያቆመው ምድጃ ኦፍሴት ስሞከር ይባላል፤ እኛ «የጎን እሳት ምድጃ» እንበለውና እንለፍ። እንደኛ ጉልቻ እሳቱ ከሥር አይደለም። ረጅሙ በርሜል በአግድም ተኝቷል፤ ባንዱ ጫፍ፣ ዝቅ ብሎ፣ አነስ ያለ የእሳት ሣጥን ተበይዶበታል፤ በሌላው ጫፍ የጭስ መውጫ ቧንቧ ቆሟል። ማገዶው በሣጥኑ ውስጥ ይነዳል፤ ሙቀቱና ጭሱ ሥጋውን እየዳሰሰ አልፎ በቧንቧው ይወጣል። ትኩስ አየር ሽቅብ ሲወጣ ከኋላው ቀዝቃዛ አየር በሣጥኑ በር ይስባል፤ ያ አየር እሳቱን ያነድደዋል፤ እሳቱ ደግሞ መልሶ አየሩን ያሞቀዋል። ሞተር የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። የሚሠራው በራሱ ትንፋሽ ነው።

ጀማሪው መጀመሪያ የሚያምነው ቴርሞሜትሩን ነው። መርፌው 120 ላይ እንዲቆምለት ይፈልጋል። 140 ሲደርስ ይደነግጥና የአየር መግቢያውን ጥርቅም ያደርገዋል። ትክክል ይመስላል እኮ! እሳት የሚኖረው በአየር ነው፤ አየር ሲቀነስ እሳት ይቀንሳል፤ ይህን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። በርግጥም መርፌው ይወርዳል። ይሁን እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ሌላ ነገር ተጀምሯል። የጋለ እንጨት ነበልባሉ ቢጠፋም ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም፤ ያ ጋዝ ነድዶ ማለቅ ሲገባው አየር አጥቶ ሳይነድ ያመልጣል፤ ወፍራም ነጭ ጭስ ሆኖ በሥጋው ላይ ቅጥራን ይቀባል። ጀማሪው መርፌው 120 ላይ በመቆሙ ደስ ብሎት ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጣል። ጧት ሥጋውን ሲቀምሰው ግን መራራ ሆኖ ያገኘዋል። ቁጥሩን ጠብቆ እሳቱን ገድሏል።

የለመደው ሰው የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። አየሩን አይነካውም፤ ክፍት ይተወዋል። እሳቱን ትንሽ ግን ንጹሕ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሙቀቱን የሚገዛው በማነቅ ሳይሆን በመቀለብ፣ ማለትም ምን ያህል ፍልጥ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚጨምር በመወሰን ነው። ቀጣዩን ፍልጥ ከሣጥኑ ላይ አስቀምጦ አስቀድሞ ያሞቀዋል፣ እሳት ውስጥ ሲገባ ሳይጨስ ቶሎ እንዲያያዝ። የሚመለከተው ከመርፌው ይልቅ የጭሱን ቀለም ነው፤ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቢጤ፣ ካላስተዋሉት የማይታይ ሲሆን እሳቱ ደኅና ነው። የፍልጡን መንጣጣት ያዳምጣል። መርፌውማ ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ የሆነውን ነው የሚነግርህ። መርፌው ሲወርድ ፍሙ መድከም ከጀመረ ቆይቷል፤ ያኔ ደንግጠህ ሁለት ፍልጥ ብትወረውር ከግማሽ ሰዓት በኋላ መርፌው ወደ ላይ ያመልጥሃል፤ እሱን ለማውረድ ደግሞ ስትሯሯጥ ሌሊቱ ያልቃል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብባችኋል። አሁን እሳት መጠበቅ ታውቃላችሁ ማለት ነው?

አይመስለንም። ምክንያቱን እንመርምር። ደንቡ «ፍሙ ሳይደክም ፍልጥ ጨምር» ይላል። ፍሙ ሊደክም መሆኑን በምን አውቃለሁ? «ቅላቱ ሲደበዝዝ፣ አመድ መልበስ ሲጀምር።» ምን ያህል ሲደበዝዝ? በጠራራ ፀሐይ ሲያዩትና በሌሊት ሲያዩት ቅላቱ አንድ ነው ወይ? ነፋስ ባለበት ቀንስ? እንጨቱ ዘንድሮ የተቆረጠ እርጥብ ቢሆንስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሌላ ደንብ መጻፍ ይቻላል፤ ያንን ደንብ መቼ እንደምንሠራበት የሚነግር ሌላ ደንብ ደግሞ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል በ1949 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚሁ) ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ገመድ መዝዞ አሳይቷል፦ ደንብን በሥራ ላይ ማዋል ራሱ በደኅና ወይም በመጥፎ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው፤ ስለዚህ ለማንኛውም የብልኀት ሥራ አስቀድሞ ደንብ ማሰብ ግዴታ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ምንም ሥራ ባልጀመረ ነበር። የሆነ ቦታ ላይ ዝርዝሩ ያበቃና ዓይንና እጅ ይረከባሉ።

ችግሩ ግን የፍልስፍና አባቶች ለዓይንና ለእጅ ያላቸው ግምት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፕላቶ «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ሲያናግረው ምግብ ማብሰል ጥበብ አይደለም፣ ልምድ ብቻ ነው ያሰኘዋል። ለምን? አብሳይ ስለሚሠራበት ነገር ባሕርይ ምክንያት መስጠት አይችልማ! ሐኪም ግን ይችላል፤ ስለዚህ ሕክምና ጥበብ ነው፣ ምግብ ማብሰል ደግሞ ሆድን ማባበያ። አርስቶትል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ «ሜታፊዚክስ» በተባለው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ልምድ ያለው ሰው ንድፈ ሐሳብ ብቻ ከያዘው ይልቅ በሥራ እንደሚቀናው ያምናል። ካመነ በኋላ ግን ምን ይላል መሰላችሁ? የእጅ ሠራተኞች የሚሠሩትን ሳያውቁ እንደሚሠሩ ሕይወት የሌላቸው ነገሮች ናቸው፤ ልክ እሳት ሳያውቅ እንደሚያቃጥል።

ምሳሌውን ልብ በሉልን። ከሁሉም ነገር መርጦ እሳትን! ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይጨፍን እሳቱን የሚጠብቀው ሰውና የሚጠበቀው እሳት እዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሆነው ቁጭ አሉ።

እኛ ግን ፕላቶን ለማሳጣት አልተነሣንም፤ ክርክሩ ከምናስበው በላይ ጠንካራ ነው። ምክንያት የማይጠይቅ ልምድ የማይረባ ነገር ለትውልድ ያወርሳል። ሥጋን በኃይለኛ እሳት መለብለብ «ጭማቂውን ይዘጋበታል» ሲባል ስንት ዘመን ኖሯል! አይዘጋም፤ ጣዕምና ቀለም ይሰጠዋል እንጂ። ወይም የፍርምባውን «መቆም» እንውሰድ። የሥጋው ውስጠኛ ሙቀት 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ ግትር በቅሎ ይቆምና ለሰዓታት ንቅንቅ አይልም። የድሮ ባለሙያዎች ታግሠው መጠበቅ ወይም በወረቀት መጠቅለል እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ለምን እንደሚቆም ያስረዳው ግን የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ ሥጋው እንደሚያልበው ሰው ነው፣ ከላዩ የሚተን ውኃ የሚገባውን ሙቀት ያህል ይወስድበታል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ዝናብ መጣ ብሎ ምድጃውን በተዘጋ ቤት ውስጥ ያስገባ ሰው አፍንጫው የ40 ዓመት ልምድ ቢኖረውም አያድነውም። እዚህ ላይ የእጅ እውቀት ወሰኑ ይታያል። ነፍስ የሚያድነው የተጻፈው ነው፤ ይህን አለመቀበል ገልቱነት ነው።

ታዲያ ከማን ጋር ነን? ጥያቄው «ምክንያት መስጠት» በሚለው ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለናል። ፕላቶ ምክንያት ሲል ከነገሩ ርቆ፣ አደባባይ ላይ ቁጭ ተብሎ፣ በአፍ የሚነገረውን ነው። እሳት ጠባቂውን አደባባይ ወስደህ «ማገዶ የሚጨመረው መቼ ነው?» ብትለው «እንደ ሁኔታው» ብሎ ያፍራል። ምድጃው ፊት አቁመህ ጠይቀው እስቲ። «አየህ፣ ጭሱ ወፈረ፤ ይኼ ፍልጥ አልተያያዘም፣ ፍሙን ወደዚህ ልሳበው። ነፋሱ ዞሯል፣ ዛሬ ቶሎ ይበላል» ይልሃል። ይህ ምክንያት መስጠት ካልሆነ ምንድን ነው? ከነገሩ ላይ ሳይላቀቅ ስለተነገረ ምክንያትነቱ ይቀራል ወይ? ደግሞም ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ሲዞር ይጠፋው ነበር። በቀቀን የለመደችውን ቃል ቦታው ቢለወጥም ያንኑ ትደግማለች፤ እሳት ጠባቂው ግን ትናንት ያደረገውን ዛሬ አይደግምም፣ ለምን እንዳልደገመም በጣቱ ያሳያል። ይሳሳታል፣ ያርማል፣ ሌላውን ያርማል። ሊሳሳት የሚችልና ሊታረም የሚችል ነገር ደግሞ እውቀት እንጂ መቃጠል አይደለም። እሳት ተሳስቶ አያውቅም!

በዚሁ በቴክሳስ ስለተፈጸመ አንድ ነገር እናውራችሁ። ሎክሃርት በምትባል ከተማ ክራይትስ ማርኬት የተባለ፣ በ1900 የተከፈተ የታወቀ የሥጋ ቤት አለ። ንግዱ የወንዶች ልጆቻቸው ሆኖ ሳለ አባትየው በ1990 ሲሞቱ ሕንጻውን ለሴት ልጃቸው አወረሱ። እንደምትገምቱት በኪራይ ነገር አልተስማሙም። በ1999 ወንድምየው ንግዱን ይዞ ወደ አዲስ ሕንጻ ሲሄድ ከአሮጌው ምድጃ ፍም አስወጥቶ በብረት ገንዳ ተጭኖ በመንገድ ላይ እየተጎተተ ወደ አዲሱ ምድጃ ተወሰደ። እኅትየዋም አሮጌውን ቤት ስሚቲስ በሚል ስም ከፈተች። በጭስ የጠቆረው ግድግዳና ምድጃ ለእሷ፣ ስሙና ፍሙ ለእሱ።

ውርሱ የቱ ጋ ነው እንግዲህ? «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያለው ያገራችን ሰው ግድግዳ አይመርጥም። ፍሙንስ? ፍሙ ደስ የሚል ምልክት ነው፣ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን የየትኛውም ፍም ዕድሜ የሰዓታት ነው፤ «የእሳት ልጅ አመድ» ይባል የለ! አዲሱ ምድጃ ጋ በደረሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ትክክለኛውን ፍልጥ በትክክለኛው ጊዜ ባይጨምርበት ኖሮ ያ ሁሉ ሰልፍ ለአመድ የተደረገ ሰልፍ በሆነ ነበር። ስለ ፍሙ ብዙ ተጽፏል። ፍልጥ ስለጨመረው ሰው የተጻፈውን ፈልጉ ብንል ግን ብዙ የምታገኙ አይመስለንም።

የሞራሉ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ «ማን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ «ማን ይጠቀሳል?» ወደሚለው ይሻገራል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በባርነት ዘመን ባለ ርስቶችና ፖለቲከኞች ታላላቅ የሥጋ ግብዣ ያደርጉ ነበር። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት፣ እንጨቱን አንድደው ፍም የሚያወጡት፣ ሌሊቱን ሥጋውን እያገላበጡ የሚያድሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ግብዣው የሚጠራው በጋባዡ ስም ነው። ኤድሪያን ሚለር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2021 «ብላክ ስሞክ» በሚል ርእስ ባወጣው መጽሐፍ ሙያው በቴሌቪዥንና በመጽሔት ዝና ባገኘበት በቅርቡ ዘመንም እነዚህ ሰዎች ወደ ዳር መገፋታቸውን ይሞግታል።

ሌላም አለ። ወይዘሮ ቱትሲ ቶማኔትዝ እሳት መጠበቅ የተማሩት በ1966 ባለቤታቸው ይሠሩበት በነበረ የሥጋ ገበያ ሰው ሲጠፋ ለመርዳት ገብተው ነው። በ2003 ሌክሲንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ስኖውስ የተባለ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚከፈት ቤት ሲከፈት ምድጃው ላይ እሳቸው ቆሙ፤ በሳምንቱ ቀናት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። በ2008 «ቴክሳስ መንዝሊ» የተባለው መጽሔት ቤቱን ከግዛቱ አንደኛ አለው። እሳቸው በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ከየአቅጣጫው የሚጎበኙ ሰው ሆኑ፤ በ2018 ደግሞ የሙያው የክብር መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፈረ። ደስ ይላል፤ ግን እንጠይቅ። በ2007 አያውቁም ነበር ወይ? መጽሔቱ የጨመረላቸው ምኑን ነው? እውቀት ሆኖ ለመቆጠር የግድ የቀለም ሰው ቅዳሜ ማለዳ መኪና እየነዳ መምጣት አለበት?

ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ጥያቄው መቼም እኛን የሚጎረብጠን እዚህ ነው። ቋንቋችን ከፕላቶ ጋር አይስማማም። ምግብ የሚጥምላትን፣ እንጀራዋ ዓይኑ የሚያምርላትን ሴት «ባለሙያ» እንላለን። ቃሉ ያው ነው፣ «ባለሙያ ይምጣ» ብለን መሐንዲስ ስንጠራ የምንለው። «ሙያ በልብ ነው» ማለታችንም እውቀት ሁሉ በአፍ አይደለም ማለታችን ይመስለናል። እንጀራ ጋጋሪዋ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ጭራሮውንና ኩበቱን ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ሙቀቱን በመጀመሪያዋ ትንሽ እንጀራ እየፈተነች፣ በአክምባሎው ዳር የሚወጣውን እንፋሎት እያየች ትሠራለች። መርፌ አልተሰጣትም። መዝጋቢ መጥቶ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲላት ግን «ሥራ የለኝም» ትላለች፤ መዝጋቢውም ይጽፋል። ቋንቋው የሰጣትን ማዕረግ ቅጹ ነጠቃት። ነገ ያንን ቅጽ ይዘን የምንዞረው ደግሞ እኛው ነን፣ እዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው።

ሆኖም አንድ ነገር እንዳይምታታ። የቴክሳሱ ሰው እሳቱን መርጦ፣ በጓሮው፣ በአየር ላይ፣ በዕረፍት ቀኑ ያነድዳል። እሷ አልመረጠችም፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ ማድ ቤት ውስጥ፣ ልጅ አዝላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ስለዚህ «የእናቴ ጎጆ ጭስ ናፈቀኝ» የሚሉ ግጥሞች በዚህች መጽሔት በብዛት ቢደርሱንም (ይደርሱናል!) እውቀቷን ማክበርና ጭሱን ማወደስ ለየቅል ናቸው። ጭሱ ይጥፋ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ይግባላት፤ አብሮ የሚጠፋው የእሳት ሙያ ቢኖርም ይጥፋ እንላለን አንዳንዶቻችን፣ ሳንባዋ ይበልጣልና።

ከመካከላችን ሁለቱ በዚህ አልተስማሙም። መብራት በሚሄድ ቀን፣ ሊጡ ተጋግሮ ሳያልቅ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ፣ ጉልቻ ላይ እሳት ማያያዝ የሚችል ሰው ከቤቱ ከጠፋ ምን ልትበሉ ነው ይላሉ፤ ደግሞ አዲስ ምድጃ የሚነድፈው መሐንዲስ ማንን ሊጠይቅ ነው ይላሉ። የመጨረሻው ክርክራቸው እኛንም አስቸግሮናል። መልስ አለኝ የሚል ካለ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ጽፎ ለሚቀጥለው እትም ያድርሰን፤ ከቻለ ግን አስቀድሞ ማድ ቤት ገብቶ፣ እሳቱ ፊት ቆሞ፣ ጠይቆ ይምጣ።